ሳሎንና ጓዳ፦ የኤርቪንግ ጎፍማን ሕይወትና የዕለት ተዕለት ማኅበራዊ ሥርዓት ከባሌ ደጋ ሲታይ

መግቢያ

በሮቤ ገበያ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ በቀጥታ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ከተጠያየቁ በኋላ ነው የስንዴው ወይም የገብሱ ዋጋ የሚነሣው። ይህን ልማድ ማንም እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ ሰላምታውን ሳይመልስ ቢያልፍ፣ የጠፋ ንብረት ወይም የተጣሰ የጽሑፍ ሕግ ባይኖርም፣ ነገሩ ለቀናት መነጋገሪያ ይሆናል፤ ሽማግሌ እስከ መላክም ሊያደርስ ይችላል። አንድ ቃል ያልወጣበት ዝምታ ይህን ያህል ክብደት ያገኘው ከየት ነው?

ይህን ጥያቄ ከሶሲዮሎጂ ዳር አንሥቶ ወደ መሐል ያመጣው ካናዳ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ኤርቪንግ ጎፍማን ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ታላላቅ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቃውንት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ማኅበራዊ ሥርዓት በምን እንደሚጸና ሲመረምሩ ወደ መንግሥት፣ ወደ መደብ፣ ወደ ሃይማኖትና ወደ ኢንዱስትሪ ተመለከቱ። ጎፍማን ግን ሁለት ሰዎች ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ የሚሆነውን መረመረ። በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት የእርሱ ሐሳብ ሰው ሁሉ ተዋናይ ነው፣ ኑሮም ጭምብል ነው በሚል አጭር ቃል ይጠቀለላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ከዚህ የተለየ ነው። የጎፍማን ሕይወትና ሥራ ጎን ለጎን ሲነበቡ የሚወጣው ዋና ቁም ነገር ሰዎች አንዱ የሌላውን ክብርና ገበና በመጠበቅ ሥርዓትን በየቀኑ እንደሚያቆሙ፣ ይህ ጥበቃ የተነፈገው ሰው ደግሞ ሰውነቱ ራሱ እንደሚናጋ ነው። የባሌ ደጋ ልማዶች ይህን ንባብ ያጠናክራሉ፤ በአንዳንድ ነጥብም ያርሙታል። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባለ ሱቅ ልጅነት እስከ ቺካጎ

ጎፍማን በሰኔ 11 ቀን 1922 በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ማንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከዩክሬን የፈለሱ አይሁዶች ነበሩ። ያደገው በማኒቶባ ክፍለ ሀገር በዶፊን ከተማ ሲሆን አባቱ በዚያ ሱቅ ነበረው። የባለ ሱቅ ልጅ ደንበኛ ሲገባ የቤተሰቡ ድምፅና አቋም እንዴት እንደሚለወጥ፣ ደንበኛው ሲወጣም እንዴት እንደሚላላ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ይማራል። በቁጥር አነስተኛ ከሆነ ማኅበረሰብ የተወለደ ልጅም ራሱን በሌላ ሰው ዓይን ማየትን ቀድሞ ይለምዳል። ከቤተሰቡ ሁለቱ ልጆች በልዩ ልዩ መንገድ ከመድረክ ጋር መገናኘታቸውም ልብ የሚባል ነው፤ ታላቅ እኅቱ ፍራንሲስ ቤይ በተዋናይነት ስትታወቅ፣ ወንድሟ የመድረክን ቋንቋ ለሳይንስ አዋለው።

በ1939 ወደ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የገባው ኬሚስትሪ ለማጥናት ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ በኦታዋ በካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ሠራ። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ሶሲዮሎጂ መልሶ በ1945 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቀ። በዚያው ዓመት የገባበት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ጎዳና፣ ወደ ሠፈርና ወደ ሥራ ቦታ ልኮ ሰውን በቦታው እንዲያዩ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበር። ጎፍማን ከኤቨረት ሂዩዝና ከሎይድ ዋርነር ተማረ፤ ማኅበራዊ ሥርዓትንና የተቀደሰ ነገርን ያስተሳሰረውን የፈረንሳዊውን የኤሚል ዱርክሃይምን አስተምህሮም በጥልቅ አነበበ። ሁለተኛ ዲግሪውን በ1949፣ ዶክትሬቱን በ1953 አገኘ።

የደሴቲቱ ሆቴልና የማድቤቱ በር

የዶክትሬት ጥናቱን ለማካሄድ የመረጠው ቦታ ከቺካጎ ሕንፃዎች ጋር ምንም የማይመሳሰል ነበር። በታኅሣሥ 1949 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በኩል ከስኮትላንድ በስተ ሰሜን ወደሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ሄደ፤ በሰሜን ዳር ባለችው በኧንስት ደሴትም ጥናቱን ጀመረ። ኧንስት ነፋስ የማይለያት፣ ዛፍ የማይበዛባት፣ ሕዝቧ በግ በማርባት፣ አነስተኛ ማሳ በማረስና ዓሣ በማጥመድ የሚኖርባት ደሴት ናት። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የወጣ ሰው ጉሙን፣ ብርዱን፣ በጎቹንና በነፋስ የሚመታውን ሜዳ በዓይነ ኅሊናው ቢያመጣ ከቦታው መንፈስ ብዙ አይርቅም። ሼትላንድም እንደ ባሌ ሁሉ በፈረሶቿ ትታወቃለች።

ጎፍማን ለደሴቲቱ ነዋሪዎች ራሱን ያስተዋወቀው የደሴት እርሻን ኢኮኖሚ ለማወቅ የመጣ አሜሪካዊ ተማሪ አድርጎ ነበር። ስለ ራስ አቀራረብ የሚያጠናው ሰው የራሱን ማንነት መርጦ ማቅረቡ በጥናቱ ውስጥ የተደበቀ ሌላ ጥናት ነው፤ ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር የሚጠይቀው ግልጽ ፈቃድ በዚያ ዘመን እንደ አሁኑ ጥብቅ አልነበረም። እስከ ግንቦት 1951 ባለው ጊዜ ውስጥ በድምሩ አንድ ዓመት ያህል በደሴቲቱ ተቀመጠ። በአካባቢው ሆቴል ይመገብ ነበር፤ በማድቤቱም ዕቃ አጣቢ ሆኖ ሠራ።

የንድፈ ሐሳቡ ዋና ምሳሌ የተገኘው ከዚያ ማድቤት ነው። በመመገቢያው አዳራሽ እንግዶቹ በንጹሕ ጠረጴዛ፣ በለሰለሰ ድምፅና በተመጠነ ፈገግታ ይስተናገዱ ነበር። ከበሩ ወዲያ ግን ሠራተኞቹ እንደ ደሴቲቱ ልማድ በነፃነት ይቀላለዱ፣ እርጥብ ካልሲያቸውን በሚፈላው ጀበና ላይ ያደርቁ፣ ያደረ ሾርባ ላይ የወጣውን ሻጋታም ችላ ብለው ያልፉ ነበር። በሁለቱ ዓለማት መካከል ያለው አንድ በር የዘወትር ጭቅጭቅ ምንጭ ሆነ። ሠራተኞቹ ዕቃ ይዘው እንደ ልብ ለመመላለስና እንግዶቹን ለመከታተል ክፍት እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ አስተዳዳሪዎቹ ግን የጓዳው ነገር ለእንግዳ እንዳይታይ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ። ጎፍማን ከዚህ በር ተነሥቶ ማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ የፊት መድረክና የኋላ ክፍል እንዳለው አስተዋለ። የጥናቱን ርእስ ሲያበጅም ደሴቲቱን አጠናሁ አላለም፤ በአንድ የደሴት ማኅበረሰብ ውስጥ ሰዎች እንዴት እንደሚግባቡ አጠናሁ አለ እንጂ። ቦታው አጋጣሚ ነበር፤ የተፈለገው ግን በየትኛውም ቦታ ያለ ነገር ነው።

ይሉኝታ፣ ገበናና ፊት

ከዚህ ጥናት የተወለደው «የራስ አቀራረብ በዕለት ተዕለት ኑሮ» የተሰኘ መጽሐፍ በ1956 በኤዲንብራ ታተመ፤ ሰፋ ብሎም በ1959 በአሜሪካ ወጣ። በመጽሐፉ መሠረት ሰው በሌሎች ፊት ሲገኝ ስለ ራሱ አንድ ሥዕል ያቀርባል፤ ልብሱ፣ አነጋገሩ፣ አቀማመጡና የቤቱ ዕቃ ሁሉ ሥዕሉን ይደግፋሉ። ይህን ሥራ ብቻውን አይወጣውም። ባልና ሚስት እንግዳ ሲቀበሉ፣ ሐኪምና ነርስ በሽተኛ ሲያዩ፣ መምህራን በተማሪ ፊት ሲቆሙ እንደ አንድ ቡድን ይንቀሳቀሳሉ፤ አንዱ የሌላውን ስሕተት ይሸፍናል። ተመልካቹም ዝም ብሎ አያይም፤ የአስተናጋጁ እጅ ሲንቀጠቀጥ እንዳላየ ይሆናል፣ የጓዳው ጩኸት ሲሰማም ጨዋታ ይቀይራል።

ለአማርኛ አንባቢ እነዚህ ሐሳቦች እንግዳ አይደሉም። ቋንቋው ሳሎንንና ጓዳን ለይቶ ያውቃል፤ በጓዳ የሚቀረውን የቤተሰብ ነገር ገበና ይለዋል፣ ገበና መሸፈንንም ከጨዋነት ይቆጥራል። የሌላው ሰው ዓይን በውስጣችን ሆኖ የሚገታንን ኃይል ይሉኝታ ይለዋል። ፊት መስጠት፣ ፊት መንሳትና የሰው ፊት ማየት የሚሉት አባባሎች ጎፍማን በ1955 ስለ ፊት ባሳተመው ጽሑፍ ለማብራራት የደከመበትን ነገር አስቀድመው ይዘውታል። በጽሑፉ ፊት ማለት ሰው በአንድ ግንኙነት ውስጥ ለራሱ የሚጠይቀውና ሌሎች የሚያጸድቁለት የክብር ዋጋ ነው። ሌሎች ካላጸደቁለት ብቻውን ሊይዘው አይችልም።

ትችቱ የመጣውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። በ1970 አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት አልቪን ጉልድነር፣ የጎፍማን ዓለም መልክ ከፍሬ የበለጠበት፣ ሰው ሸቀጡን እንደሚያሳምር ነጋዴ ራሱን የሚሸጥበት ዓለም ነው ሲል ከሰሰ። ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ጎፍማን ስለ አታላዮችና ስለ አስመሳዮች በደስታ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሆኖም እርሱ ራሱ የሚያቀርበውን ሥዕል ከልቡ የሚያምን ሰውና በልቡ የሚሥቅ ሰው እንዳሉ ለይቷል። ከዚህም በላይ፣ ሐዘን ቤት የገባ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የሚያታልለው ማንንም አይደለም። በጎባ አንዲት እናት ለቡና የጠራቻቸው ጎረቤቶች ከመምጣታቸው በፊት የተጣሉ ልጆቿን ዝም አሰኝታ ቤቱን ስታሰናዳ የምትሠራው ሐሰት አይደለም፤ ለጎረቤቶቿ የምትሰጠው ክብር ነው። የቀረበው መልክ የግንኙነቱ ዋጋ መለኪያ ነው።

ሽፋኑ ሲገፈፍ

ሐሳቡ ከሆቴልና ከሳሎን አልፎ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ቦታ የደረሰው ጎፍማን በዋሽንግተን በሚገኘው በሴንት ኤልዛቤትስ ሆስፒታል ባደረገው ጥናት ነው። በ1955 እና በ1956 ከ7,000 በላይ የአእምሮ ሕሙማን በነበሩበት በዚህ ተቋም የስፖርት ክፍል ረዳት ተብሎ ቆየ። ቀኑን ከሕሙማኑ ጋር አሳለፈ፤ ከሠራተኞቹ ጋር መወዳጀትን ተወ፣ የበር ቁልፍ መያዝንም አልፈለገም። ቁልፍ የሚይዝ ሰው ዓለምን ከበሩ በየት በኩል እንደሚያይ ያውቅ ነበር።

በ1961 ባሳተመው «ማቆያዎች» በተባለው መጽሐፉ እስር ቤትን፣ የጦር ካምፕን፣ ገዳምን፣ አዳሪ ትምህርት ቤትንና የአእምሮ ሆስፒታልን በአንድ ስም ጠቅላይ ተቋም ብሎ ሰበሰባቸው። በእነዚህ ቦታዎች ሰው የሚተኛበት፣ የሚሠራበትና የሚዝናናበት ስፍራ አይለይም፤ ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ሥልጣን ሥር፣ ከብዙዎች ጋር በአንድ ሰዓት ይፈጸማል። ገቢው ሲገባ ልብሱ ይወሰዳል፣ ዕቃው ይመዘገባል፣ የግል ታሪኩ በመዝገብ ይሰፍርና ማንነቱን ለማያውቅ ሁሉ ይገለጣል። ጓዳ አይኖረውም። ቢቆጣ ቁጣው የሕመሙ ምልክት ተብሎ ይጻፋል፤ ዝም ቢልም እንዲሁ። ጎፍማን ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ከባድ ነው፦ የሕመም ጠባይ ተብሎ ከሚመዘገበው ብዙው ጠባይ ክብሩን የሚደግፍለት ነገር ሁሉ የተወሰደበት ማንኛውም ሰው ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ጥረት ነው። እንግዲህ ሳሎኑና ጓዳው የሰውነት ጌጥ ሳይሆኑ ምሰሶ ናቸው ማለት ነው።

በ1963 የወጣው «የነውር ምልክት» የተባለው መጽሐፉ ደግሞ የአካል ጉዳት ያለበት፣ ከእስር የወጣ ወይም የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰው በየቀኑ በጤነኞች መካከል የሚያደርገውን አስጨናቂ ስሌት ገለጠ፤ ምን ይናገር፣ ምን ይሸሽግ፣ ለማን፣ መቼ። ጎፍማን ነውሩ በሰውዬው ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ሰዎች መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ እንደሚኖር አስተማረ።

ከዚያ ጥናቱ ወደ ራሱ ቤት ገባ። በ1952 ያገባት ሚስቱ አንጀሊካ በአእምሮ ሕመም ከተሠቃየች በኋላ በ1964 ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። ጎፍማን ስለዚህ ሐዘን በግልጽ አልጻፈም። ሆኖም በ1969 ባሳተመው አንድ ረጅም ጽሑፍ የአእምሮ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ የሚያስከትለውን ትርምስ ሲተነትን አቋሙ ከቀድሞው ለውጥ ታይቶበታል። በ«ማቆያዎች» የሕሙማኑ ጠበቃ ነበር፤ እዚህ ግን ሕመምተኛው የተሰጠውን ቦታ መያዝ ሲያቅተው የሚንገላታውን የቤት ሰው ሥቃይም አሳይቷል። ብዙ አንባቢዎች በዚህ ጽሑፍ የደራሲውን ሐዘን አይተዋል። በዚያም ቢሆን ሰውን ያለ ፈቃዱ በሆስፒታል መዝጋትን መቃወሙን አላቆመም፤ በ1970 ይህ አሠራር እንዲቀር የሚታገል ማኅበር ከመሠረቱት ሦስት ምሁራን አንዱ ነበር።

የራሱን ጓዳ የዘጋው ሊቅ

ጎፍማን ከ1958 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በርክሊ፣ ከ1968 እስከ ሞቱ ድረስ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በኔቫዳ የቁማር ቤቶች ሰዎች አደጋ ፊት ሲቆሙ እርጋታቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ተመለከተ። በ1974 «የማዕቀፍ ትንተና»ን፣ ከዚያም ማስታወቂያዎች ሴቶችን በምን አቋምና በምን አኳኋን እንደሚያሳዩ የመረመረ መጽሐፍን፣ በ1981 ደግሞ «የንግግር ዓይነቶች»ን አሳተመ።

ስለ ሰው ሁሉ ጓዳ የጻፈው ሊቅ የራሱን በር አጥብቆ ዘጋ። ፎቶግራፍ መነሣትንና ንግግሩ በቴፕ መቀዳቱን ይጠላ ነበር፤ የግል ወረቀቶቹም ለተመራማሪ እንዳይከፈቱ አዘዘ። ይህ ከትምህርቱ ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጓዳ ለሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከእርሱ ይልቅ የሚያውቅ አልነበረም።

የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ቢመረጥም በ1982 ጉባኤ ላይ ሊያሰማ ያዘጋጀውን ንግግር በሕመም ምክንያት ማቅረብ አልቻለም። በኅዳር 20 ቀን 1982 በፊላደልፊያ በካንሰር ሞተ፤ ዕድሜው 60 ነበር። በ1983 የታተመው ንግግር የዕድሜ ልክ ሥራውን የግንኙነት ሥርዓት በሚል ስም አጠቃለለ። በዚያ ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ወረፋ ነው። ሰዎች ተሰልፈው ሲቆሙ፣ ሀብታሙና ድኻው፣ አለቃውና ሠራተኛው፣ ከውጭ ያላቸውን ልዩነት ለጥቂት ጊዜ ትተው በመጡበት ቅደም ተከተል ይስተናገዳሉ። በሮቤ መናኸሪያ ወይም በባንክ መስኮት ፊት አንድ ሰው ሰልፉን ሲጥስ የሚነሣው ቁጣ ከጠፋው ጊዜ የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ የተጣሰው ለአፍታ የጸና እኩልነት ነው።

ባሌ የሚጨምረው

ጎፍማን በ1956 ስለ አክብሮት ባሳተመው ጽሑፍ፣ የዱርክሃይምን ትምህርት ተከትሎ፣ በዘመናዊው ዓለም ግለሰቡ ራሱ እንደ ትንሽ ጣዖት የተቀደሰ ነገር እንደሆነና ሰላምታና ርቀት መጠበቅ ለእርሱ የሚቀርቡ ሥርዓተ አምልኮዎች እንደሆኑ አስረዳ። የባሌ አርሲ ኦሮሞዎች ለዚህ ሐሳብ ከረጅም ዘመን የወረሱት ስም አላቸው፤ ወዩ ይሉታል። ወዩ የሆነ ሰው ወይም ነገር ይከበራል፤ በዘፈቀደ አይነካም፣ አይደፈርም። አማችና አማት አንዳቸው ለሌላቸው ወዩ ናቸው፤ በአነጋገርና በአቀማመጥ ይጠባበቃሉ። ሙሽራ የባሏን አባት ስም አትጠራም።

ለሙሽራይቱ እናቷ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ሲንቄም ወዩ ናት። ወንዶች ሲጣሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ ሴት በባሏ ስትደፈርም ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው ወጥተው ካሣና ዕርቅ እስኪሆን አይመለሱም። በትሯ ማንንም አትመታም። ኃይሏ በተመልካቾቹ ሁሉ ዘንድ ባለው የጋራ ዕውቅና ላይ የቆመ ነው፤ ይህም ጎፍማን ስለ ማኅበራዊ ሥርዓት ከተናገረው ጋር ይስማማል። የሚለየው ግን ይኖራል። በጎፍማን መጻሕፍት ክብር በየግንኙነቱ እንደ አዲስ የሚሠራ፣ ሁለት ባይተዋሮች በቅጽበት የሚስማሙበት ነገር ሆኖ ይታያል። በባሌ ግን ክብር ከጋብቻ፣ ከትውልድና ከእምነት ጋር የተገመደ ነው፤ የተደፈረ ሰው የሚጮህለት ወገን አለው፣ ደፋሪውም የሚጠየቅበት ሥርዓት አለ። ጎፍማን ሲተች ከሚነሣበት ጉድለት ዋናው፣ ታሪክንና ሥልጣንን ወደ ጎን መተዉ፣ እዚህ ጋ በግልጽ ይታያል።

ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙት ምእመናን ሌላ ትምህርት ይሰጣሉ። ተጓዡ ጫፉ የተሰነጠቀውን ባላ በትር ሲይዝ ገበሬነቱን፣ ነጋዴነቱን ወይም ሹመቱን በቤቱ ትቶ መንገደኛ ይሆናል፤ የማያውቀው ሰውም በዚያ ምልክት ተቀብሎ ያሳድረዋል። ይህ በጎፍማን ቋንቋ የራስ አቀራረብ ነው፤ ነገር ግን ሰውዬው ከሌሎች በልጦ ለመታየት ሳይሆን ከሌሎች ጋር ለመስተካከል የሚያቀርበው ነው።

ማጠቃለያ

የጎፍማን ሕይወት ከዶፊን ሱቅ ተነሥቶ በኧንስት ማድቤትና በዋሽንግተን ሆስፒታል አልፎ አንድ ጥያቄ ይዞ ተጓዘ፦ ሰው በሰው ፊት ሰው ሆኖ እንዲቆም ምን ያስፈልገዋል? የተገኘው መልስ ለጥቃቅን ነገሮች ትልቅ ዋጋ ይሰጣል። መጋረጃ ያለው የመመርመሪያ አልጋ፣ በስሙ የሚጠራ በሽተኛ፣ ጉዳዩ በሌሎች ባለጉዳዮች ፊት የማይነበብበት አመልካች፣ በጓደኞቹ ፊት የማይዋረድ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ ከአገልግሎቱ የተለዩ ትርፍ ጨዋነቶች ሳይሆኑ የአገልግሎቱ አካል ናቸው።

ስለዚህ በባሌ ደጋ ጤናን፣ ትምህርትንም ሆነ አስተዳደርን የሚያጠና ሰው የተቋሙን ደንብና የቁጥር ዘገባ ካነበበ በኋላ የማድቤቱን በር ቢፈልግ ይጠቀማል። በሩን የሚዘጋው ማን ነው፣ የሚከፍተውስ? የማን ገበና ይሸፈናል፣ የማንስ ይገለጣል? የሮቤ ገበያተኞች ረጅም ሰላምታ የሚለዋወጡት ጊዜ ተርፏቸው አይደለም። ከዋጋው በፊት አንዱ ለሌላው ሰውነቱን ያጸድቅለታል፤ ስንዴው የሚሸጠው ከዚያ በኋላ ነው።